ጋሼ ይርጋ ያነበበልን መጨረሻ

የበደለኝ ታላቅ ወንድሜ ይርጋ ነው፤ አገር ቤት ሳለን፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ። ሰሞኑን እዚህ ቤርሼቫ፣ ሽኩና ጊሜል በሚባለው ሰፈራችን፣ ማትናስ በሚሉት የሕዝብ አዳራሽ እኛን እማማዎች ሸክላ ሥሩ ብለው ሲሰበስቡን፣ የረጠበው አፈር ሽታ ያንን ቀን መለሰብኝ።

እማዬና እኔ ጭቃ ስናቦካ ይርጋ ከአስተማሪው የተዋሰውን ልብ ወለድ ያነብልን ነበር። ከቤታችን ፊደል የቆጠረው እሱ ብቻ ነው። በመጽሐፉ አንዲት ሴት የሚደበድባትን ባሏን ጥላ ትወጣለች። ሰው የሚኖረው ለራሱ ነው ወይስ ለሰው አፍ? ይህን ለማወቅ ጭቃው እጄ ላይ እስኪደርቅ አዳምጥ ነበር።

መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ እማዬ ቀና ብላ፣ «አንተ፣ ሴት ልጅ እየሰማችህ ነው» አለችው። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ይርጋ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ተመልሳ ባሏ እግር ላይ ወደቀች፤ ተፈጸመ» ብሎ መጽሐፉን አጠፈው። እማዬም እኔም አለቀስን።

እኔም ያንን ይዤ ክፉ ባል አሥራ ስድስት ዓመት ቻልኩ።

እዚህ ቤርሼቫ በስተርጅና ፊደል ቆጥሬ መጽሐፉን አገኘሁት። ሴትዮዋ አልተመለሰችም፤ ጠጅ ቤት ከፍታ ወፍራለች። ሽኩና ሄ ወደሚባለው ሰፈር፣ ይርጋ ቤት ድረስ ሄድኩ።

«ጋሼ ይርጋ፣ ዋሽተኸኛል!»

«ዲ፣ ይብቃሽ!» አለኝ ዕብራይስጡን ካማርኛ ቀላቅሎ። «እማዬ እያየችኝ ምን ላድርግ? ደግሞ የኔው መጨረሻ ይሻላል፤ ሁለታችሁንም አስለቅሷል።»

አሁን ዓይኑ ስለደከመ በየሰንበቱ የማነብለት እኔ ነኝ። በማነብለት ልብ ወለድ ሁሉ፣ መጨረሻው ላይ ታላቅ ወንድምየው ይሞታል። ወንድም የሌለበት ከሆነ አስገባበታለሁ።