ለመስቀል እንዳይመጣ

ያን ጠዋት በርበሬ ስቀነጥስ ነበር፣ ከቀፊራ ገበያ የገዛሁትን። ጻፊው፣ እሱንም ጻፊው። ሦስት ሰዎች በመኪና መጡና አባትሽን፣ ልጄን፣ ጠየቁኝ። የለም አልኳቸው። እንግዲያው እሱ እስኪመጣ አንቺ ነይ አሉኝ። እጄን ልታጠብ ብል አይሆንም አሉ። መኪናው ውስጥ ሳላስበው ዓይኔን ነካሁት፤ ያለቀስኩ መሰላቸው። የበርበሬው ነው።

ያሰሩኝ ክፍል ቆርቆሮ ናት፣ ከሰል እንደያዘ ምድጃ የምትግል። ሴቶች ታጭቀንባታል። ከላይ ሽቦ ያላት ቀዳዳ አለች፣ በሷ የኒሙ ዛፍ ይታያል። ሴቶቹ ዘመን ሲለወጥ ምሕረት አለ ሲባል ሰምተው፣ የመስቀል ወፍ መጣች አልመጣች እያሉ በተራ ያያሉ። እኔ እንዳትመጣ ነው የምለምነው። አያትሽ ከሞተ ወዲህ አባትሽ የትም ይሁን የት ለመስቀል ዋዜማ ችቦ ይዞልኝ ይመጣል፤ አንድም ዓመት አልቀረም። ስልኩን ዘግቶ ነው የጠፋው፣ መታሰሬን በምን ይወቅ? ቢመጣ ይይዙታል።

አንድ ቀን ጠዋት አጠገቤ የምትተኛዋ፣ እንደ እናቷ የምትጠራኝ ልጅ ነቀነቀችኝ። «አዴ፣ መጣች። ተነሺ እይ አቦ።»

ቀና አልኩ። ቢጫዋ፣ ኒሙ ላይ። ሴቶቹ ሳቁ፣ አንዷማ እልል አለች። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ተመልሼ ተኛሁ።

በዚያው ቀን መርማሪው ጠራኝ። ልጅ እግር ነው፣ ክፉ ቃል አይወጣውም።

«እማማ፣ ልጅዎ ለመስቀል ይመጣል አይደል?»

«እሱ በዓል አያውቅም» አልኩት።

ወረቀት አወጣ። ልጄን ና ብዬ እንደምጠራው የሚል ነው አለኝ፤ ጣቴን ባሳርፍ ዛሬውኑ ቤቴ እገባለሁ። ቀለሙን አስጠጋልኝ። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።

«ማንበብ ባልችልም ይሄ ወጥመድ መሆኑ አይጠፋኝም» አልኩት።

መልሶ ሰደደኝ። ከዚያ ወዲያ ለቀዳዳዋ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የተቀመጥኩት።

በመስቀል ማግስት ውጪ ተባልኩ። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። እኔ ሞኟ፣ ጣቴን መከልከሌ አዳነን ብዬ በባጃጅ እየሳቅኩ መጣሁ።

ይሄው ስንቴ መጥታ ሄደች ወፏ፤ አባትሽ የት እንዳለ የሚነግረን አጣን። አንቺ ስታያት ደስ ይልሻል፣ ይበልሽ። እኔ መስኮቱን እዘጋለሁ።

ያን የተፈታሁ ቀን ከባጃጁ ስወርድ በራፌ ላይ ችቦ ተደግፎ አገኘሁ፣ ሳይለኮስ። ጎረቤቴ ወጣች። ፊቴን ሳታይ ነገረችኝ፦

«ልጅሽ ዋዜማውን መጥቶ ነበር። እጅህን ልትሰጥ አትሂድ ብለን ለመንነው። ‹እኔ ልግባና እሷ ትውጣ፣ ችቦዋን ራሷ ትለኩሰው› አለን።»