ማሲንቆዬ ያለ እኔ ማርቆስ የሄደ ቀን

ልጅ እያለሁ፣ ሉማሜ ዘጠነኛ ክፍል ስማር፣ ፈረስ ሲያልፍ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ጭራው ላይ ነበር። የማሲንቆ ክር ከፈረስ ጭራ እንደሚሠራ ገበያ ቀን ሻይ ቤት ደጃፍ የሚጫወት አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ነግሮኛል። ጓደኛዬ ጥሩዬ ባለፈረሱን በወሬ ስትይዝ እኔ ከኋላ እነጫለሁ። አንዱ ባለፈረስ ነቅቶብን ጅራፉን ይዞ እስከ አስፋልቱ አሯሩጦናል። የማሲንቆዬን ሳጥን አናጢ ሠራልኝ፣ ቆዳው ከፋሲካ ፍየል ተገኘ። የዚያ ቆዳና የሙጫው ሽታ ከእጄ አይለቅም ነበር፤ እኔም እንዲለቅ አልፈልግም።

የምኖረው ይህን ነገር ከማይወዱት አጎቴ ቤት ስለነበር ማሲንቆውን የማሳድረው እነጥሩዬ ቤት ነው። በእኛ አገር ሰርግ ያለ አዝማሪ አይደምቅም። ግጥም ይሰጡታል፣ ያጠጡታል፣ ልጃቸውን ግን አይድሩለትም። ይሄ ነገር ያኔም ያናድደኝ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ብሷል።

የትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ደብረ ማርቆስ መድረክ ላይ እንዲጫወት ሲጠራ፣ ማሲንቆ በደንብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ማርቆስን አይቻት አላውቅም። ጠዋት መናኸሪያ በቆመው ሚኒባስ ውስጥ ማሲንቆዬን ታቅፌ፣ ልጆቹ ገና ሳንነሳ ዘፈን ጀምረው፣ እኔ የምጫወተውን በልቤ እየደጋገምኩ ሳለ አጎቴ በሩ ላይ ቆሙ። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። አልጮሁም።

“ውረጅ” አሉኝ። “የእኔን ቤት የአዝማሪ ቤት አታደርጊውም።”

መምህራችን ትንሽ ለመናቸውና ተወው። ወረድኩ። ይሄኔ መምህሩ በመስኮት ብቅ ብሎ ማሲንቆው ከክበቡ ልጆች ለአንዱ፣ ለይበልጣል ይሰጠው፣ እሱ አንድ ዜማ ይሞክራል አለ። ያቺን አንድ ዜማ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እንቢ ብዬ ይዤ ቀረሁ። አጎቴ ከእቅፌ ነጥቀው በገዛ እጃቸው በመስኮቱ አቀበሉት፤ “እሱ ወንድ ነው፣ ለክበብ ቢጫወት ነውር የለውም” አሉ። ሚኒባሱ ሄደ። እኔ መናኸሪያው መሀል እንደቆምኩ ቀረሁ።

ይበልጣል ተጨብጭቦለት መጣ። ማሲንቆው ግን ቆዳው ተቀዶ ነበር የተመለሰው። ላሳድሰው ብል ጥሩዬ ቤት መሄድም ተከለከልኩ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ እጄ ጨዋታውን ረሳ።

ዛሬ ማርቆስ ውስጥ ሴት ተማሪዎች ማሲንቆ ይዘው መድረክ ሲወጡ ሰዉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻቸዋል። ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ደሜ ይፈላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

በቅርቡ አጎቴ ልጃቸውን ሲድሩ ያስመጡት ማሲንቆ ተጫዋች ሴት ናት። ግጥም ሰጧት፣ ግንባሯ ላይ ብር ለጠፉላት፣ እልል አስባሉላት። ልጅቷ ልታርፍ ስትቀመጥ ማሲንቆዋን ተቀብለው ወደ እኔ መጡና፣ እንግዳው ሁሉ እየሰማ፣ ይቺ ልጅ ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ትሞክር ነበር እያሉ ሳቁ። “በይ እስቲ፣ ለእህትሽ አንድ ጊዜ ገዝግዢላት” አሉኝ።

እጄን አልዘረጋሁም።

“የምትችለዋን ልጅ እርስዎ ከመኪና አወረዷት፣ ጋሼ” አልኳቸው። “እኔ አልችልም።”