ቀለም ያልያዘው ደም

ይህን ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም። ለባሌም፣ ያን ጊዜ በሆዴ ለነበረችው ልጄም አልነገርኩም። ንስሐ አባቴ ፊት በቀረብኩ ቁጥር ሐሜቴንና የገደፍኩትን ጾም እየዘረዘርኩ፣ ይህችን ዘልዬ ስነሣ ኖሬአለሁ። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው፤ ፊታችሁንም ስለማላይ። ፈሪ ነኝ፤ ከዚሁ ጀምሩልኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ከዱብቲ ወጣ ብሎ በሚገኝ የጥጥ እርሻ ካምፕ፣ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ሁለት ነበርን፤ እኔና በላቸው። ሥራችን በአንድ ቃል ወባ ነው። የበሽተኛውን ደም መስታወት ላይ እንቀባለን፣ ቀለም እናፈስበታለን፣ ቀለሙ እስኪይዝ እንጠብቃለን፣ አጥበን በማይክሮስኮፕ እናያለን። በላቸው መጠበቅ አይወድም። ክፍላችን ቆርቆሮ ጣሪያ ስለሆነ እሳት ነው፤ እሱ ቀለሙን አፍስሶ ወዲያው ያጥበውና ሲጋራውን ሊያጨስ ዛፍ ጥላ ሥር ይሮጣል። ቀለም ባልያዘው ደም ላይ ወባ አይታይም። እሱም ያላየውን "የለም" ብሎ ይጽፋል።

አውቅ ነበር። ስንት ጊዜ፣ እሱ ጥላ ሥር ሲቀመጥ፣ መስታወቶቹን መልሼ ቀለም ውስጥ ነክሬ "አለ" ብዬ አርሜለታለሁ! ለምን ተሸከምኩለት? ደግ ስለሆንኩ? አይደለም። ስለተስማማን ነው።

ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ስብሰባ ነበረን። ሰው ተነሥቶ መጀመሪያ ራሱን ይወቅሳል፣ ቀጥሎ ባልደረባውን። በዚያ ዘመን እዚያ የተነገረች ጥፋት "አሻጥር" ተብላ ሰው ልታስበላ ትችላለች። ስለዚህ ሁሉም ከባልደረባው ጋር ቀድሞ ይመካከርና ቀላል ቀላሏን ይመርጣል። እኔ "ጓድ በላቸው ሲጋራ ያበዛል" እላለሁ፤ እሱ "ጓድ ጥሩወርቅ ጠዋት ታረፍዳለች" ይላል። ይጨበጨብልናል፣ እንቀመጣለን።

መውለጃዬ ሲቃረብ በላቸው ስምምነቱን አፈረሰ። "ጓድ ጥሩወርቅ እርግዝናዋን የስንፍና መሸፈኛ አድርጋዋለች" አለ፣ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት። እኔን! ባበጠ እግሬ ቆሜ የእሱን ቆሻሻ ሥራ የማጸዳውን እኔን! ደሜ ፈላ። ያኔውኑ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ግን "ስታውቂ የት ነበርሽ?" ቢሉኝስ? ዋጥ አደረግኩት። በልቤ ግን ፈረድኩበት፦ ቆይ፣ እሄድልሃለሁ፤ ጉድህ ይውጣ! የወሊድ ፈቃዴን ወስጄ ስወጣ ለኃላፊያችን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ለበላቸውም "ቀለሙን አቆየው" አላልኩትም። ጉዱ እንዲወጣ የፈለግኩት በማን ደም ነበር? ይህን ራሴን አልጠየቅኩም። እንዳልጠይቅ ስለፈለግኩ ነው።

ሴት ልጅ ወለድኩ። እናቴ ሩቅ አገር ናት፣ ያረሰችኝ ጎረቤቴ ዘሃራ ነበረች። ከወሎ መጥታ ለጥጥ ለቃሚዎች ሻይ የምትሸጥ ሴት ናት። ሥራዋን ትታ ገንፎዬን አገነፋች፣ ጨርቄን አጠበች። ሰዓዳ የምትባል አንድ ልጅ ነበረቻት፤ ሙቀት እንዳይጎዳብኝ ሕፃን ልጄን በካርቶን ቁራጭ እያራገበች ትውልልኛለች።

ሰዓዳ ታመመች። ዘሃራ ክሊኒክ ወስዳት ስትመለስ ደጃፌ ላይ ቆመችና "አልሐምዱሊላህ፣ ወባ የለባትም አሉኝ። ፀሐይ መቷት ነው" አለችኝ። ልጅቱ እናቷ ጀርባ ላይ ትንቀጠቀጣለች።

"በላቸው ነው ያየላት?" አልኳት።

"አዎ፣ እሱ ነው።"

አወቅኩ። "እንግዲያው ዱብቲ ሆስፒታል ውሰጃት" ማለት ምን ይከብዳል? ክሊኒኩስ ሩቅ ነው? ተነሥቼ ሄጄ መስታወቱን መልሼ ባየው ምን እሆናለሁ? እውነቱን ልንገራችሁ? ሄጄ ካረምኩለት ያ ሰው ዛሬም በእኔ ድካም ሊድን ነው ብዬ ተናደድኩ። ደግሞ አራስ ከቤት አትወጣም አልኩ። ወግ ለሰበብ እንዴት ይመቻል! "ውሃ በደንብ አጠጫት" ብዬ ሸኘኋት። ከባሰባት ነገ እናገራለሁ ብዬ።

በማግስቱ ሰዓዳ ራሷን ሳተች። ያኔ ጮህኩ። በጥጥ መኪና ጭነዋት ወደ ዱብቲ ሲበሩ መንገድ ላይ አረፈች።

ሥራ ስመለስ፣ ስብሰባው ላይ ተራዬ ደረሰ። በላቸው ፊቱ አመድ መስሎ ያየኛል፤ እሱም ገብቶታል። ተነሣሁ። "ጓድ በላቸው ሲጋራ ያበዛል" አልኩ። እሱም ተነሥቶ "ጓድ ጥሩወርቅ ታረፍዳለች" አለ። ተጨበጨበልን።

ለዓመታት እሱን ስረግም ኖርኩ። እሱ ግን ሰነፍ ነው፤ መስታወቱን ሲያጥብ የሚሠራውን አያውቀውም ነበር። የማውቀው እኔ ነኝ። አውቄ ሄድኩ፣ አውቄ ዝም አልኩ፣ አውቄ አስጨበጨብኩ።

ዘሃራ ካምፑን ለቃ ወደ አገሯ ስትመለስ ልትሰናበተኝ መጣች። መንገድ የሚወጣ ሰው የበደለውን ይቅርታ ሳይጠይቅ አይሄድም፣ በሙስሊሞቹ ዘንድ። እጄን ይዛ "አራስ ሆነሽ ሳለ በልጄ ነገር ጥዬሽ ከረምኩ። ያስቀየምኩሽ ካለ አውፍ በይኝ፣ ሆድዬ" አለችኝ።

እኔን! እግሯ ላይ መውደቅ ሲገባኝ ምን ያልኳት ይመስላችኋል?

"አውፍ ብያለሁ" አልኳት። ሳመችኝና ሄደች።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። መለመን የነበረብኝ እሷን ነው፤ እኔ ግን ለእሷ ይቅርታ ሰጥቼ ሸኘኋት።