የዘጠኝ ዓመቱ ሌባ

ገመድ ገማጁ ዘጠኝ ዓመት ሌባ ሆኖ ተደብድቧል። ሌብነቱ የጨዋታ ነው። ድንኳናቸውን ጭነው ከግጦሽ ግጦሽ የሚዞሩት የተራራው አርቢዎች በዓመት አንድ ቀን ሜዳው ላይ ይሰበሰባሉ። ፈረስ ይጋለባል፣ ትግል ይያዛል፣ በመጨረሻም የፈረስ ሌባ ተይዞ ሲገረፍ ለሕዝቡ ይታያል። ዱላው ቀይ ቀለም የተቀባ መቃ ነው፤ ውስጡ ባዶ፣ ድምፁ ብቻ የሚያስፈራ።

ገማጁ ሰው ፊት መናገር አይሆንለትም። ሌባ ደግሞ ይጮሃል እንጂ አይናገርም፤ ስለዚህ ሥራው ተስማማው። መቃው ገና ሳይነካው "ወይኔ እናቴ!" ሲል ሰው በሳቅ ይሞታል። መንገድ ላይ እንኳ "ሌባው፣ እንዴት አደርክ?" ይሉታል። እሱም ይስቃል።

በዚያ ዓመት ግን የባለ ፈረሱ ነጭ ባዝራ ጠፋች። ባለ ፈረሱ ማለት በጨዋታው ሌባውን የሚገርፈው ሀብታም አርቢ ነው። ባዝራዋን ከማዶ ሸለቆ ገዝቶ ካመጣት ዓመት አልሞላትም፤ ሆዷም ገፍቶ ነበር። የታሰረችበት ገመድ ብቻውን ቀረ። ገመዱን የገመደው ማን ነው? ገማጁ።

"የገመደውን መፍታት አያቅተውም" አለ አንዱ።

"ዘጠኝ ዓመት ሲለማመድ ኖሮ!" አለ ሌላው።

መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ገማጁ የሰማው በበዓሉ ጠዋት ከሚስቱ አፍ ነው።

"የባዝራዋን መጥፋት አንተ ላይ ጥለውታል። አትሂድ በናትህ።"

"ብቀርማ እውነት ነው ይሉኛል። ስሜስ?" አለና ሄደ።

የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። መቃ አልነበረም። ቀይ ቀለም የተቀባ ድፍን እንጨት ነበር።

"የት ደበቅካት?" አለ ባለ ፈረሱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አልወሰድኳትም ጋሼ።"

ሁለተኛው ክንዱን ሰበረው። ስብራቱን በጆሮው ሰማው። ሦስተኛው ጆሮውን ራሱን አገኘው፤ ደሙ በአንገቱ ወርዶ ሸሚዙን አራሰው። ሕዝቡ አጨበጨበ።

"ዘንድሮስ ደሙም አልቀረ!" አለ ከፊት የተቀመጠ እንግዳ።

ገማጁ መጮህ ፈለገ። ግን የእውነት ሲያመው አፉ ይዘጋል፤ ከልጅነቱ እንዲያ ነው። በአፈሩ ላይ በደረቱ ተኛ። ዱላው ጀርባው ላይ ይወርድ ጀመር።

ሚስቱ ያወቀችው በዝምታው ነው። እግሩ የተሰበረ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ጥርሱን ነክሶ "ደህና ነኝ" ያላት ሰው ነው።

"ባሌን ገደለው!" ብላ በጨዋታው ሜዳ ዙሪያ የተወጠረውን ገመድ ዘላ ገባች። ሰው ለሷም ሳቀ። በቅርብ ከተተከለ ድንኳን ጥግ የካስማ መምቻውን መዶሻ አነሳችና የባለ ፈረሱን ጉልበት አለችው። አጥንቱ ቀጭ ሲል፣ እሱም ሲያጓራ፣ ያኔ ነው ሳቁ የቆመው።

ባዝራዋ በሳምንቱ ተገኘች። በማዶ ሸለቆ፣ በተወለደችበት መስክ፣ ልጇን ስታጠባ። የተገዛች ባዝራ ልትወልድ ስትል የትውልድ መስኳን እንደምትፈልግ አርቢዎቹ ሁሉ ይላሉ። ባለ ፈረሱም ያውቅ ነበር፤ ንዴት አስረሳው እንጂ።

ሽማግሌዎቹ "ስሙን በሕዝብ ፊት ወስደሃል፣ በሕዝብ ፊት መልስ" ብለው ፈረዱበት። በዓመቱ ጨዋታ ሌባ የሆነው ባለ ፈረሱ ነው፣ ገራፊው ደግሞ ገማጁ። እያነከሰ መሃል ሜዳ ገባ። ገማጁ ክንዱ ተጣሞ ድኗል። ሚስቱ የዓምናውን ዱላ አስቀምጣው ኖሮ አቀበለችው። ደሙ ቀለሙ ላይ ጠቁሯል። ባለ ፈረሱ ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ።

"ወንድሜ... ልጆች አሉኝ።"

ገማጁ እንጨቱን መዘነው። ከዚያ ለሚስቱ መለሰላት።

"ያዢው፣ ካስማ ይሆነናል።"

መቃውን አነሳ። ገና ከትከሻው ከፍ ሲያደርገው ባለ ፈረሱ "ወይኔ እናቴ!" አለ። ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ገማጁ ግን አልሳቀም። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ተናገረ።

"ባዝራዎን ማን ወሰዳት ጋሼ?"

"ማንም። ራሷ ነች የሄደችው።"

"ጮክ ይበሉ እንጂ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም።"