የአደራ ስልክ

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ፣ ጠያቂዎች ተፈትሸው ከሚገቡበት በር ማዶ፣ ስድስት ዓመት ያህል የሰው ስልክ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ስልክ ይዞ መግባት ስለማይቻል ጠያቂው ሁሉ የቆርቆሮ ሱቄ ፊት ቆሞ ስልኩን ያስረክበኛል። እኔ ቁጥር የተጻፈበት የቢራ ቆርኪ እሰጠዋለሁ፤ ያው ቁጥር ያለበትን ሌላ ቆርኪ በላስቲክ ስልኩ ላይ አስሬ መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ። ሲወጣ ቆርኪዬን ይመልሳል፣ ስልኩን ይወስዳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ስልክ እንኳ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ይህን የምለው ለመኩራራት ነው። ኩራቴ የት እንዳደረሰኝ ኋላ ስለማወራ፣ አሁን ትንሽ ብኮራ አትፍረዱብኝ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ስልክ ባለ ቁልፍ ነበር። ባለቤቱ ውስጥ ሳለ ስልኩ ደጋግሞ ከጮኸ አረንጓዴዋን ቁልፍ ተጭኜ «ገብተዋል፣ ሲወጡ ይደውላሉ» እል ነበር። ማንም አላዘዘኝም፤ ሲጮህ ዝም ማለት ስላልቻልኩ የጀመርኩት ነው። እያደር ሰው ለምዶኝ መልእክት ይነግረኝ ጀመር፤ ልጁ ትኩሳት ይዞታል፣ የአጎታቸው ቀብር ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ቁልፉ ጎረቤት አለ። ሁሉንም በቃሌ ይዤ እጠብቅ ነበር። ጠያቂ ከዚያ በር ሲወጣ እንደ ታጠበ ልብስ ተጨምቆ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ወሬው ክፉ ከሆነ መጀመሪያ ወንበር እሰጣለሁ፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ከዚያ ነው የምናገረው።

ኋላ ተች ስልክ መጣ። ዘመናዊ ስልክ ኑሮን ያቀልላል ወይስ ያወሳስባል እያሉ ሱቄ ደጃፍ ተራ እስኪደርሳቸው የሚከራከሩ ብዙ ሰምቻለሁ። እኔ የማውቀው፣ ከጠዋት ተቀምጦ እኩለ ቀን ሳይሞላ ባትሪው የሚያልቅ ስልክ መምጣቱን ነው። ቢወድቅ ይሰነጠቃል፣ ቢነኩት መክፈቻውን ሥዕል ሣሉ ይላል። የኔዋ ባለ ቁልፍ ስልክ ግን አንዴ ቻርጅ ከተደረገች ሳምንት ትከርማለች፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፋኖስ ትሆናለች። ደንበኞቼ «ስልክ ጠባቂ ሆነሽ እንዴት ተች የለሽም?» እያሉ ይቀልዱብኛል። «የባንክ ዘበኛ ሁሉ ሀብታም ነው እንዴ?» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እውነቱን ለመናገር ግን ስልኮቹን እፈራቸው ነበር፤ መፍራቴን ከምናገር ደግሞ ሞቴን እመርጥ ነበር።

ከደንበኞቼ ሁሉ የማልረሳቸው አንዲት የወሎ እናት ናቸው። በሙሽርነታቸው ከወሎ መጥተው ሳሪስ አቦ አካባቢ ኖረው ያረጁ፣ የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩት ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ወንዱ ልጃቸው ውስጥ ነበር፤ በምን እንደገባ አልጠየቅኋቸውም፣ እዚያ በር ላይ የሚሠራ ሰው አይጠይቅም። ሴቷ ልጃቸው ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቃቸውን በዘንቢል ይዘው ይመጣሉ። አንድ ቅዳሜ ከብብታቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ ፈቱት። አዲስ ተች ስልክ ነበር።

«እይማ የኔ ልጅ፣ ልጄ በሰው እጅ ላከችልኝ» አሉኝ። «ኢሞ ነው አሉ የሚሉት። ፊቷን እያየሁ ነው የማወራት።»

«አዩዋት ታዲያ?»

«አየኋት እንጂ! ከአራት ዓመት በኋላ አየኋት፤ አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከስታለች። በድምፅ ብቻ ሳለች ደህና ነኝ ስትለኝ አምናት ነበር። አሁን ግን ካየኋት ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ።»

ወደኔ የመጡበት ጉዳይ ነበራቸው። ልጅቷ የምትደውለው አሠሪዋ ከቤት ስትወጣ ተደብቃ ነው፣ ሰዓቱ አይታወቅም። «ስገባ ብትደውል አንሺልኝና፣ እናትሽ አሁን ትወጣለች፣ እንዳትዘጊ በያት። ፊትሽንም ትየው፣ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ትወቅ። አደራሽን።»

«አብሽሩ እማማ፣ ስልክ ማንሳት ሥራዬ አይደል እንዴ?» አልኳቸው፤ አብሽሩ የምትለዋን የአይዞዎት ቃል ከራሳቸው ነው የተማርኳት።

እንዴት እንደሚነሳ ልጠይቃቸው እችል ነበር። አልጠየቅኋቸውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እሳቸው ገብተው ብዙም ሳይቆዩ መሳቢያው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳወጣው መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር የሞላው የልጅቷ ፊት ነው። ሻርፕ አድርጋለች፤ ከኋላዋ ነጭ ሸክላ የተለጠፈበት የማድ ቤት ግድግዳ ይታያል። ፎቶ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ዓይኗ እኔን ነው የሚያየው። ከሥሯ አረንጓዴ ክብ አለች። ተጫንኳት። መጮኹን ቀጠለ። እንደ ባለ ቁልፉ ስልክ በአውራ ጣቴ ጠበቅ አድርጌ ተጫንኳት። አሁንም ይጮሃል። ጣቴን በቀሚሴ ጠርጌ ሞከርኩ፤ ክቧ ትንሽ ፈቀቅ ትልና ጣቴን ሳነሳ ተመልሳ ቦታዋ ትቀመጣለች። ጩኸቱ ቆመ፣ ፊቷም ጠፋ።

ወዲያው ተመልሳ መጣች። አንድ ወጣት ስልኩን ሊሰጠኝ ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር። «እስቲ አንሳልኝ» ብዬው ቢሆን ኖሮ በአንድ አፍታ ያነሳው ነበር። እኔ ግን ጀርባዬን ሰጠሁት። እንዳያየኝ ወደ ግድግዳው ዞሬ፣ በሁለት እጄ ይዤው፣ ፊቷ ላይ ሁሉ ተጫንኩ፤ ግንባሯ ላይ፣ አፏ ላይ፣ ሻርፕዋ ላይ። ሁለተኛው ጥሪ ቆመ፤ ሦስተኛውም መጥቶ የቆመው እንደዞርኩ ነው። ከዚያ ዞር ብዬ የወጣቱን ስልክ ተቀበልኩና ቆርኪ ሰጠሁት። ሃያ ሦስት ቁጥር ነበር፤ እስካሁን አልረሳሁትም።

የወሎዋ እናት ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። ገና ሳይደርሱ «ደወለች?» አሉኝ።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ በእሳቸው አምላክ መማል ባያምርብኝ በራሴ እምላለሁ። ሦስቴ ደወለች፣ ማንሳት አቃተኝ ልላቸው ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አልደወለችም።»

«እሰይ! እንኳንም እኔ ሳልኖር አልደወለች» አሉና ስልኩን ስመው በመሐረቡ ጠቀለሉት። ማንበብ ስለማይችሉ ያልተነሳውን ጥሪ ስልኩ ላይ አያውቁትም። እኔም ነገ ትደውል የለ፣ ይረሳል አልኩ።

ያን ዕለት ከሰዓት አንዱን ደንበኛ «ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚነሳው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። «አይጫኑትም፤ ይጎትቱታል» አለና ጣቱን ወደ ጎን አንሸራተተ። የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ብቻ ነው። ከዚህ ያነሰ ነገር አቅቶኝ አያውቅም።

ልጅቷ በማግስቱም አልደወለችም፤ በሚቀጥለው ሳምንትም፤ ከዚያም ወዲያ። የወሎዋ እናት ቅዳሜ ሲመጡ «እስቲ አንቺ ደውይላት፣ የሰፈር ልጆች ነካክተው ያበላሹብኛል» ይሉኛል። እኔ እደውላለሁ። ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ያን ስልክ በከፈትኩት ቁጥር ከልጅቷ ስም ሥር ሦስቱ ያልተነሱ ጥሪዎች ከነቀናቸው በቀይ ተደርድረው ይጠብቁኛል፤ ከእነሱ በታች ከኔ ጥሪ በቀር ምንም የለም። የኔ አሮጌ ስልክ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ አያቆይም ነበር፤ ቢይዝም ቁጥር እንጂ ፊት አያሳየኝም ነበር። ስለ ልጅቷ ወሬ ሲመጣ፣ ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታለች የሚል አለ፣ ሌላ አገር ተሻግራለች የሚል አለ። እርግጡን የነገረን ሰው የለም። በሦስት ጥሪ ውስጥ ምን ልትል እንደነበር ግን እኔ ሳላስበው የዋልኩበት ቀን የለም። ምናልባት ልትሰናበት ነበር። ምናልባት ድረሱልኝ ልትል ነበር። ምናልባት ከነጭራሹ ሰላምታ ብቻ ነበር፤ እንዲህ ባሰብኩ ቀን ምግብ ይበላልኛል።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። ስንቁ ሲቀል በየሳምንቱ አይቻለሁ፤ የኔ ውሸት ግን እያደር ከበደ። መሳቢያው ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ ገና ከመጮኹ አነሳው ጀመር፤ ባለቤቶቹ ተቆጥተውኛል። ሳህን ሳጥብ አውራ ጣቴ ብቻውን በሳህኑ ላይ ወደ ጎን ሲሄድ እይዘዋለሁ። ራሴን ጠላሁት ብል አልዋሸሁም።

ከዓመት በላይ ቆይቶ አንድ ቀን የወሎዋ እናት እያለቀሱና እየሳቁ ከበሩ ወጡ። ልጃቸው ተፈትቶ ልብሱን በፌስታል ይዞ አብሯቸው ነበር። ረጅም ነው፤ ዓይኑ በስልኩ መስታወት ላይ ከማውቀው የእህቱ ዓይን ጋር አንድ ነው። በቀጥታ ወደኔ አመጡት።

«ይቺ ናት ስልካችንን ስትጠብቅ የኖረችው። ሳማት» አሉት። ሳመኝ። ስልኩን ሰጡት። «እህትህ የላከችው ነው፣ እስቲ አንተ ፈልጋት።»

እንደቆመ ከፈተው። እኔ የተጠረገውን ጠረጴዛ ደግሜ እጠርጋለሁ። ጣቱ ሲንሸራተት አያለሁ፣ ከዚያ ሲቆም አያለሁ። ምን ላይ እንደቆመ አውቃለሁ።

«እማ» አለ ቀና ሳይል። «ቅዳሜ ልትጠይቂኝ ስትገቢ ስልኩን ሁልጊዜ እዚህ ነበር የምትተዪው?»

«ከሷ ሌላ ለማን እሰጣለሁ? አንድ ቀን እንኳ ከዚህ ወንበር ዞር ብላ አታውቅም። ምነው፣ ደውላ ነበር እንዴ?»

ቀና ብሎ አየኝ። ይናገርና ይገላግለኝ ብዬ ተመኘሁ። ወደ እናቱ ዞረ። እሳቸው መሐረባቸውን እንደያዙ ፈገግ ብለው ይጠብቁታል።

«አልደወለችም፣ እማ» አለ። ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተው።

የወሎዋ እናት አንገቴን አቀፉኝ። «አላህ ጤና ይስጥሽ የኔ ልጅ። እንግዲህ ብትደውልም እሱ ያነሳታል፤ አንቺም ከአደራዬ አረፍሽ» ብለው ሁለቱንም ጉንጬን ሳሙኝ። ልጃቸው በአንድ እጁ ክንዳቸውን ይዞ አስፋልቱን አሻገራቸው። ሌላው እጁ ስልኩ ያለበት ኪሱ ላይ ነበር።