መርዙን የቀመስኩበት እሑድ

በደርግ ጊዜ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ ደብረ ብርሃን በቀበሌያችን አዳራሽ ቲያትር ሠርተን ነበር። ታሪኩ የአንኮበር ቤተ መንግሥት ነው፤ ልዕልቲቱ አንድ ወጣት ባላምባራስ ትወዳለች፤ እናቷ ንግሥቲቱ ጠጅ አሳላፊዋን በወርቅ ደልላ ወጣቱን በመርዝ ታስገድለዋለች። ጠጅ አሳላፊዋ እኔ ነበርኩ። ባላምባራሱ ከክፍላችን ኋላ ወንበር የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነው። እወደው ነበር፤ ምን ይደረግ!

አባቴ በወጣትነቱ አንኮበር በመኳንንት ቤት ጠጅ ያሳለፈ ሰው ነው። «የበላሁበትን ቤት ልታሰድቢ ነው?» አለኝ። ቀበሌው ግድ ስላለ መከልከል አልቻለም፤ ግን ቁርጡን ነገረኝ። «መጥቼ አያለሁ። ካዋረድሽኝ ትምህርቱ ይበቃሻል፤ ሽማግሌ ለላከብሽ ለዚያ ለደነባው ሰው እድርሻለሁ።» አባቴ ደግሞ አንዴ ካለ አለ ነው።

እሑድ ከቀትር በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አባቴ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ፊት ተቀምጧል። መርዝ የተባለውን ዱቄት ሰው ሁሉ እያየኝ ብርሌው ውስጥ ጨመርኩ። ባላምባራሱ ፊት ስደርስ እጄ ከልጅነቱ የለመደውን ሠራ፤ ጥቂት መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። አባቴ እንዳስተማረን፣ መርዝ እንደሌለበት ሳይቀምሱ ለሰው መጠጥ መስጠት ቤታችን ነውር ነው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ወር ሙሉ የተለማመደው አሟሟት ገደል ገባ። መርዙን የጠጣሁት እኔ ነኝና ወደቅኩ። እሱ ተንበርክኮ ቀና አደረገኝ።

«ለእኔ ብለሽ ቀመስሽ?» አለ። ጽሑፉ ላይ የለም። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ሳቁ ቆመ። ሞቼ እንኳ ልቤ ይደልቅ ነበር። የቀበሌው ካድሬ «ጭቁኗ አሳላፊ ጀግና ሆነች!» ብሎ አጨበጨበ፤ ንግሥቲቱ ብቻ ሥራ ፈታ መድረኩ ላይ ቀረች።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ጋቢውን እንደተከናነበ ፊት ፊቴ ይሄዳል። እኔ በልቤ ደነባ ገብቻለሁ። በራችን ላይ ቆመ።

«አንድ ቀን እኔንም ጌቶቼ ለእንግዳ ሳትቀምስ ስጥ ብለውኛል» አለ። «መዳፌን ስዘረጋ ብርሌውን ከእጄ ነጠቁኝ። ለእናትሽም አልነገርኳት።»

አንገቴን ደፋሁ። «የደነባውስ ሰውዬ፣ አባባ?»

«ሌላ ይፈልግ። አንቺ ነገ ትምህርት አለሽ።»