ከበሮ የገባበት ጾመ ድጓ

ሙዚቃ መሥራት የጀመርኩት ንፋስ መውጫ ውስጥ በምሠራባት የፎቶ ኮፒ ሱቅ ነው። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ለባጃጅ ሾፌሮች ፍላሽ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ላፕቶፔን ከፍቼ ምት እደረድራለሁ። ያስተማረኝ የለም። ከኢንተርኔት ያወረድኩትን የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም እየነካካሁ፣ የነካሁት ሲጮህ እየሰማሁ ነው የለመድኩት። የመጀመሪያዎቹን ሥራዎቼን ዛሬ ስከፍታቸው ፊቴ ይቀላል። ሁሉም ነገር በአንድ ላይ ይጮሃል፤ ቤዙ ሌላውን ይውጠዋል፤ ኢኮውማ ልክ የለውም። ያኔ ግን ጉድ የሠራሁ መስሎኝ፣ መታወቂያ ኮፒ ሊያደርግ የመጣውን ሰው ሁሉ አስቁሜ አሰማ ነበር። ሰውም ይሉኝታ ስላለው ጥሩ ነው ይለኛል።

እያደር ተሻሻልኩ። በዓመቱ መጨመሩን ትቼ መቀነስ ለመድኩ። ቀጥሎ ቤዙና ከበሮው እንዳይረጋገጡ ቦታ መስጠት ቻልኩ። ባጃጅ ሾፌሮቹም ሳልለምናቸው «ያቺን የራስህን ጫንልኝ» ማለት ጀመሩ። የጎደለኝ የሰው ድምፅ ነበር። ዘፋኝ ከየት አመጣለሁ እያልኩ ስጨነቅ፣ ድምፁ ለካ ስልኬ ውስጥ ነበር።

አባቴ የድጓ መምህር ናቸው። የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በጋይንቷ ቤተ ልሔም ተምረው፣ ከከተማችን የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ በምትገኝ ደብር ወንበር ዘርግተው ያስተምራሉ። እኔም ልጅ ሳለሁ ሁለት ዓመት ያህል እግራቸው ሥር ተቀምጬ ተምሬያለሁ፤ ኋላ ለአስኳላው ስል አቋረጥኩት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነው የምላቸው። አንድ ጥር ላይ ልጠይቃቸው ስሄድ ሳል ይዟቸው ነበር። «ድምፅዎን ልቅዳውና ተማሪዎቹ እርስዎ ሲደክምዎ እሱን እየሰሙ ይቀጽሉ፣ ያጥኑ» አልኳቸው። ደስ አላቸው። ስልኬን ሣጥናቸው ላይ አስቀመጥኩ፤ እሳቸውም የጾመ ድጓውን የመጀመሪያ ሳምንት ዜማ ከዳር እስከ ዳር አሉልኝ። ለተማሪዎቹ ሚሞሪ ላይ አድርጌ ላመጣ ቃል ገብቼ ተመለስኩ። አላመጣሁም።

ጾመ ድጓ የዐቢይ ጾም ዜማ ነው። በዚያ ጾም ከበሮ ይሰቀላል፣ ጸናጽል አይነካም፤ ሊቃውንቱ በመቋሚያ ብቻ ነው የሚያዜሙት። ይህን እኛ አገር ሕፃን ያውቀዋል። እኔም አላወቅኩም ብዬ ልዋሽ አልችልም። ላፕቶፑ ፊት ስቀመጥ ግን የምሰማው ዜማውን አልነበረም፤ ለምቱ ይመቻል አይመችም የሚለውን ብቻ ነበር። አልመች አለኝ። የኔታ አንዷን ቃል ስበው ስበው እስኪበቃቸው ያቆዩዋታል፤ የእኔ ምት ደግሞ አራት ቆጥሮ ይዞራል። ስለዚህ ቆራረጥኩት። ትንፋሻቸውን አወጣሁ፣ የረዘመውን አሳጠርኩ፣ ከሥሩም ከበሮ አስገባሁበት። እስከዚያ ቀን ከሠራኋቸው ሁሉ ያማረው እሱ ነበር። ብዙም ሳልቆይ ላፕቶፔ ሲሞላብኝ የመጀመሪያውን ቅጂ ከስልኬም ከላፕቶፑም አጠፋሁት። ያለቀው ሥራ ካለ ጥሬው ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው።

ለአንድ ሾፌር ሰጠሁት። በሳምንቱ ከተማው ውስጥ ያልደረሰበት ባጃጅ አልነበረም።

ጾሙ እንደገባ የኔታ ለካህናት ጉባኤ ወደ ከተማ መጡ። ልቀበላቸው መናኸሪያ ሄድኩ። አብረዋቸው አንድ ቄስ ነበሩ፤ የቆዩ ባልንጀራቸው ናቸው፤ አሁን የሚያገለግሉት እኛው ከተማ ነው። የኔታን ቦርሳ ተቀብዬ ከኋላቸው ስከተል አንድ ባጃጅ አጠገባችን ቆመ፤ ውስጡ የእኔ ሥራ ይጮሃል። እዚያች ላይ መጀመሪያ የተሰማኝ ሀፍረት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ያህል አላፍርም ነበር። መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው። ከበሮው በትልቅ ድምፅ ማጉያ እንዴት ጥርት ብሎ ይወጣል አልኩ በልቤ።

ቄሱ ቆሙ። «የኔታ፣ ይህ የእርስዎ ድምፅ አይደለም እንዴ?» አሏቸው።

አባቴ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ጥቂት አዳመጡ። «ድምፁስ የኔ ነው» አሉ።

«በጾም? በከበሮ?»

«እኔ ከበሮ አላስመታሁም።»

«ታዲያ ማን አስመታው?»

የኔታ ወደ እኔ አልዞሩም። ቢዞሩ ኖሮ እናገር ነበር እላለሁ አንዳንዴ፤ እሱም ውሸት ሳይሆን አይቀርም። «ድምፁ የኔ ከሆነ ጥፋቱም ከኔ ይቆጠር» አሉ። ቄሱ ራሳቸውን ነቅንቀው ቀድመው ሄዱ። እኔ ቦርሳውን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ ነበር። ከዚያ ከኋላቸው ተከተልኩ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ተራባ። የኔታ በስተርጅና ከከተማ ጎረምሶች ጋር ዘፈን ገቡ ተባለ። ሁለት ተማሪዎች ፊደላቸውንም ዜማቸውንም ከቆጠሩበት ወንበር ተነስተው ወደ ሌላ መምህር ሄዱ። በዚያው ክረምት የጉሮሮ ሕመም ጠናባቸው፤ ደብረ ታቦር ወስጄ አሳከምኳቸው፤ ሕመሙ ተሻላቸው፣ ድምፃቸው ግን እንደ ሹክሹክታ ሆኖ ቀረ። አሁን የሚያስተምሩት በእጃቸው እየመሩ ነው። በራሳቸው ድምፅ የተቀዳ ዜማቸው ደግሞ በዓለም ላይ የቀረው እኔ የሠራሁት ብቻ ነው፤ ያውም በከበሮ።

እንግዲህ በእውነት የተማርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አዲስ ሥራ አልሠራሁም፤ ያንኑ ከበሮ ከዚያው ድምፅ ውስጥ ሳወጣ ከረምኩ። የከበሮው ድምፅ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ፣ የአባቴ ድምፅ የቱ ላይ እንደሚደርበው በጆሮዬ ለይቼ አወቅሁ። ስቆርጥ ድምፃቸው አብሮ ይሞታል፤ ስተው ከበሮው ይቀራል። ያወጣኋቸውን ትንፋሾች ከየትም መመለስ አልቻልኩም። ቢሆንም ባለፈው ኅዳር ከበሮው ጠፋ። ልብ ብሎ ያላዳመጠ ሰው ነበረበት አይልም።

ላፕቶፑን ተሸክሜ ወደ አባቴ ደብር ሄድኩ። ተማሪዎቹ አጨዳ ሊያግዙ ወርደው ነበር፤ የኔታ ብቻቸውን ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሄድፎኑ በጥምጣማቸው ላይ አልገባ ሲል አንዱን ጎን ብቻ በእጃቸው ይዘው ጆሯቸው ላይ አስጠጉት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። በየቦታው ጣታቸውን ያነሱ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ሳጎድል እንደሚያነሱት። እኔም ስንት ጊዜ እንዳነሱ እያየሁ አንገቴን ደፋሁ።

ሲያበቃ ሄድፎኑን መለሱልኝ። «እጅህ ተስተካክሏል» አሉኝ በዚያች በተዘጋች ድምፅ። «ከበሮው ወጥቷል። የቆረጥከው ግን ቀርቷል።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ የኔታ።»

«እኔማ ያን ቀን መናኸሪያ ይቅር ብየሃለሁ። ከበሮውን አውጣልኝ ያለህ ማን ነው? እኔ የጠበቅሁት፣ ለቄሱ ሄደህ እኔ ነኝ የሠራሁት ትላቸዋለህ ብዬ ነው። ሁለት ዓመት ጠበቅሁ።»

«እሺ፣ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

ቄሱ በየሳምንቱ በሱቄ ደጅ ያልፋሉ። ወጥቼ መስቀል እሳለማለሁ፤ «አባትህ እንዴት ናቸው?» ይሉኛል፤ ደህና ናቸው እላለሁ። እሳቸውም አዝነው «ምነው በዚያ ነገር ስማቸውን ባያበላሹ» ብለው ይሄዳሉ። እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። ይህን ስጽፍም የማንንም ስም አልጠራሁም፣ የራሴንም ጭምር። የሚጠይቀኝ ካለ ለአባቴ ክብር ብዬ ነው እላለሁ።